ሌላ ሕመም ባለበት ዐይን ላይ የሞራ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ያሰጋል?



«እከሌ እኮ ዐይኑን ኦፕራሲዮን ሆኖ ጭራሽ ጠፋ!» የምትለዋን ወሬ ያልሰማ ሰው አይኖርም። በመንደር፣ በቡና ላይ፣ ከሶላት በኋላ በመስጂድ በረንዳ ላይ በሚደረገው ጨዋታ ሁሉ ትነሳለች። ወሬዋ አጭር ናት፤ ጉዳቷ ግን ረጅም ነው። ብዙ እናትና አባቶቻችን እሷን ሰምተው፣ ሞራቸው ሊታከም እንደሚችል እየተነገራቸው፣ «ያለችኝን ጭላንጭል አላጣም» ብለው ቤት ይቀመጣሉ። ሐኪሙ «ከሞራው ሌላ ግላኮማ አለብዎ» ወይም «ስኳሩ ዐይንዎን ነክቶታል» ያላቸው እንደሆነማ ፍርሃቱ ይብስባቸዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ ተቃራኒውን የሚያስቡ አሉ። ሞራው ከወጣ ዐይኑ ሙሉ በሙሉ ዳነ ብለው ያምናሉ፤ የግላኮማ ጠብታቸውን ይጥላሉ፤ የስኳር ክትትላቸውን ያቋርጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐይናቸው ሲደክም ጥፋቱን በቀዶ ሕክምናው ላይ ያሳብባሉ። ያቺ ወሬ የምትወለደው አንዳንዴ ከዚህ ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የሁለቱንም ወገን ጥያቄ ለመመለስ እንሞክራለን። መልሱን በአጭሩ እናስቀድም፦ በዐይን ውስጥ ሌላ ሕመም መኖሩ ብቻውን የሞራ ቀዶ ሕክምናን ክልክል አያደርገውም። ደኅንነቱ የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው። ያ ሌላ ሕመም ከቀዶ ሕክምናው በፊት መታወቅ አለበት፤ መታከም ወይም መረጋጋት አለበት፤ ታካሚውም ምን ያህል ብርሃን እንደሚያገኝ አስቀድሞ በእውነት ሊነገረው ይገባል።

መስታወቱ፣ ግድግዳውና ሽቦው

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ዐይንን አንድ መስኮት ብቻ ባላት ክፍል እንመስላት። ብርሃን በመስኮቱ መስታወት አልፎ ከኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ግድግዳው የተቀበለውን ምስል በሽቦ ወደ አንጎል ይልካል። መስታወቱ በዐይናችን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ነው፤ ግድግዳው ሬቲና ይባላል፤ ሽቦው ደግሞ የዐይን ነርቭ ነው።

ሞራ ማለት ሌንሱ ጥራቱን አጥቶ ሲደፈርስ ነው። ከላይ የተጋረደ ቆዳ ወይም ስብ ስላልሆነ በጠብታም ሆነ በቅጠል ጭማቂ አይጠረግም። ሐኪሙ የደፈረሰውን ሌንስ ያወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተክላል። ይህ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠሩ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ከሁሉ የሚፈራው ችግር ጀርም ወደ ዐይን ውስጥ ገብቶ የሚያመጣው ኢንፌክሽን ሲሆን፣ በደንብ በተደራጀ ማዕከል ከ1,000 ሰው በአንዱ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ቁጥር ነው የሚያጋጥመው።

ታዲያ መስታወቱ ከተቀየረ በኋላ ግድግዳው የፈረሰ ሆኖ ቢገኝስ? ሽቦውስ ተበጥሶ ቢሆን? መስታወቱ ምንም ያህል ቢያበራ ክፍሏ ሙሉ ምስል አትልክም። ሐኪሙ አላጠፋም፤ ሞራው ሸፍኖት የነበረው ሌላ ሕመም ተገለጠ እንጂ። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ ግን «ሠርተው አጠፉኝ» ቢል አይፈረድበትም።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ጥቂቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በ2005/06 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገው ብሔራዊ የዐይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን (49.9 በመቶ) ያስከተለው ሞራ ነበር። በትራኮማ ምክንያት የሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ ደግሞ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። እነዚህ በሽታዎች ደግሞ ተራ ጠብቀው አይመጡም፤ በአንድ አዛውንት ዐይን ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሊገናኙ ይችላሉ።

የጥንቶቹ ሐኪሞችም ይጠይቁት የነበረ ጥያቄ

«ከሞራው በስተጀርባ ያለው ዐይን ሕያው ነውን?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ1000 እ.ኤ.አ. ገደማ በካይሮ ይሠራ የነበረው ዐማር ኢብኑ ዐሊይ አል-መውሲሊ ሞራን ውስጡ ክፍት በሆነ መርፌ መጥጦ በማውጣት ይታወቃል። በዚያ ዘመን የነበሩ የዐይን ሐኪሞች መርፌያቸውን ከማንሳታቸው በፊት የታካሚውን የዐይን ብሌን ያስተውሉ ነበር። ብሌኑ ለብርሃን የሚጠብና በጨለማ የሚሰፋ ከሆነ ተስፋ ያደርጋሉ፤ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ሞራውን ማንሳቱ ብዙም እንደማይጠቅም ይረዱ ነበር።

የዛሬው ሐኪምም በእጅ ባትሪ ሁለቱን ዐይኖች እያፈራረቀ ሲያበራ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ብርሃኑ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይጠይቃል፤ የዐይንን ግፊት ይለካል፤ ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ሬቲናውን ያያል። ሞራው ነጭ ሆኖ ውስጡን ካላሳየ ደግሞ በአልትራሳውንድ ያያል። ይህ ምርመራ ጊዜ ይወስዳል፤ ያለ እሱ ግን ወደ ቀዶ ሕክምና መግባት በጨለማ እንደመጓዝ ነው።

ከሞራ ጋር አብረው የሚገኙ ሕመሞች

ግላኮማ፦ በግላኮማ የዐይን ነርቭ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የዐይን ግፊት መጨመር አብሮት አለ። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ስለዚህ የሞራ ቀዶ ሕክምና በግላኮማ የጠፋውን እይታ አይመልስም፤ ሞራው የጋረደውን ብቻ ይመልሳል። ይሁንና ግላኮማ ያለበት ሰው ሞራው እንዲወጣለት ማድረግ ይችላል። ሌንሱ ሲወጣ በዐይን ውስጥ ቦታ ስለሚሰፋ ግፊቱ በመጠኑ ሊቀንስም ይችላል። በተለይ የዐይኑ ፈሳሽ መውጫ ማዕዘን የጠበበበት የግላኮማ ዓይነት ላይ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። በ2016 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣና 419 ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት፣ በዚህ ዓይነቱ ሕመም ሌንሱን ማውጣት ከተለመደው የሌዘር ሕክምና የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

ጥንቃቄው ምንድን ነው? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ነርቩ አስቀድሞ በጣም ለተጎዳ ሰው ይህ አደገኛ ነው። ለቁስሉ የሚታዘዘው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታም በአንዳንድ ሰው ላይ ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ግላኮማ ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ግፊቱን መለካት አለበት። የግላኮማ ጠብታውን ሐኪሙ «አቁም» ካላለው በቀር ማቋረጥ የለበትም።

የስኳር በሽታ፦ ስኳር የሬቲናን ደም ሥሮች ይጎዳል፤ ፈሳሽ ያስወጣቸዋል፣ ያደማቸዋል። ሬቲናው እንዲህ ቆስሎ ሳለ ሞራ ቢወጣ እብጠቱ ሊባባስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሐኪሙ ጊዜ ካገኘ አስቀድሞ በሌዘር ወይም ወደ ዐይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ያክመዋል፤ ከዚያ ወደ ሞራው ይመጣል። ሞራው ከመጥቆሩ ወይም ከመንጣቱ የተነሳ ሬቲናው የማይታይ ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይችላል፤ ሬቲናውን ለማከም መጀመሪያ ሞራውን ማንሳት ያስፈልጋልና። የደም ስኳርና የደም ግፊት የተረጋጋ መሆኑም ቁስሉ በደህና እንዲድን ይረዳል።

ትራኮማና የቆብ ሕመሞች፦ ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከሚበዛባቸው አገሮች የምትጠቀስ ናት። የዐይን ፀጉሩ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ኮርኒያውን የሚፍቅበት ሰው ሞራም ካለበት፣ በቅድሚያ ቆቡ ይስተካከልለታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፀጉሩ አዲሱን ቁስል እየፋቀ ጀርም ያስገባል። በአፍንጫ በኩል ያለው የእንባ ከረጢት መግል የሚቋጥር ከሆነም እሱ ሳይታከም ዐይን አይከፈትም። ኮርኒያው ላይ ያለው ጠባሳ ከባድ ከሆነ ደግሞ ሞራው ወጥቶም እይታው ሙሉ ላይሆን ይችላል፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ይገባል።

የዐይን ውስጥ መቆጣት፦ ሐኪሞች ዩቪያይተስ ይሉታል። ዐይን ይቀላል፣ ያምማል፣ ብርሃን ይጠላል፤ ሲደጋገምም ሞራ ያስከትላል። ዐይኑ በተቆጣበት ወቅት ቀዶ ሕክምና ማድረግ በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። የተለመደው አሠራር መቆጣቱ ቢያንስ ለሦስት ወር ጸጥ እስኪል መጠበቅ ነው።

ሌንሱን የያዙት ክሮች መላላት፦ ሌንሱ በዐይን ውስጥ የተንጠለጠለው በቀጫጭን ክሮች ነው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ በሌንሱና በብሌኑ ዳር ዳር አመድ የሚመስል ነገር የሚከማችበት ሕመም አለ፤ በአገራችንም ለሞራ ከሚታከሙ ሰዎች መካከል በብዛት ይታያል። ይህ ሕመም ክሮቹን ያላላል፤ ብሌኑም በጠብታ በደንብ እንዳይሰፋ ያደርጋል፤ ግላኮማንም ያመጣል። ሐኪሙ ቀድሞ ካወቀው ተዘጋጅቶ ይገባል፤ ካላወቀው ግን ሌንሱ በሥራው መሀል ከቦታው ሊወርድ ይችላል።

ስለ መድኃኒቶቻችሁ አትደብቁ

አንዳንድ ጊዜ አደጋው ያለው ታካሚው ለሌላ ሕመም በሚወስደው ኪኒን ውስጥ ነው። ለምሳሌ ታምሱሎሲን የሚባለው መድኃኒት ለፕሮስቴት ችግር ለብዙ አባቶች ይታዘዛል። በ2005 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች እንዳሳወቁት፣ ይህ መድኃኒት በቀዶ ሕክምና ወቅት ብሌኑ እንዲጠብና የብሌኑ ዙሪያ እንዲላላ ያደርጋል። መድኃኒቱን ከሳምንት በፊት ማቆምም ብዙ አይረዳም፤ የሚረዳው ለሐኪሙ መንገር ነው። ከነገሩት ዘዴ አለው።

ስለ ሽንት ሕመም መናገር የሚያፍሩ አባቶች አሉ። ልጆቻቸው ይህን ተረድተው የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በላስቲክ አድርገው ይዘው ቢሄዱ ትልቅ ኸይር ሠሩ ማለት ነው። ደም ለማቅጠን የሚወሰድ መድኃኒትም እንዲሁ ይነገር፤ ነገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በራስ ፈቃድ ማቆም ልብንና አንጎልን ለአደጋ ይዳርጋል።

መዘግየትም የራሱ አደጋ አለው

«ሕመም ስላለብኝ ልተወው» የሚል ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ሞራ ሳይነካ ቢቀመጥም ዝም ብሎ አይቀመጥም። እጅግ የበሰለ ሞራ ፈሳሹን ወደ ዐይን ውስጥ አፍስሶ ግፊቱን ሊያሻቅብ፣ ከባድ ሕመምም ሊያመጣ ይችላል። የደነደነ ሞራን ማውጣት ለጋውን ከማውጣት ይከብዳል። ሞራው ሬቲናውንና ነርቩን ስለሚሸፍን ስኳሩና ግላኮማው ምን እየሠሩ እንደሆነ ማየትም አይቻልም። በዚያ ላይ ማየት የተሳነው አዛውንት ይወድቃል፣ ይሰበራል፣ ከጀመዓም ይርቃል።

በነጻ የዐይን ሕክምና ዘመቻ ላይ ተሰልፈው «እርስዎን ዛሬ አንሠራም፤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይሂዱ» የተባሉ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ሲመለሱ እናያለን። ይህ መባረር አይደለም። ሌላ ሕመም ያለበት ዐይን የተሟላ መሣሪያና ተከታታይ ክትትል ስለሚፈልግ ነው። «ዛሬ አይሆንም» ማለትን «በጭራሽ አይሆንም» ብለን አንተርጉመው። የሚያሳዝነው ሪፈር ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ሲያረጅ ነው።

አንድ ዐይን ብቻ የቀረው ሰው ጉዳይ ለብቻው ይታያል። ለእሱ እያንዳንዱ አደጋ እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ሐኪም መፈለግና ጥቅሙንና ጉዳቱን በእርጋታ መመዘን ይገባዋል።

ዉዱእ፣ ሱጁድና የረመዷን ጠብታ

ብዙ ሙስሊም ታካሚዎችን የሚያስጨንቀው ጥያቄ «ሶላቴስ?» የሚለው ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ያልተጣራ ውሃ ዐይን ውስጥ እንዳይገባና ጭንቅላትን በጣም ከማጎንበስ እንዲጠነቀቁ ሊታዘዝ ይችላል። የቀኑ ብዛት እንደ ቁስሉ ስፋትና እንደ ዐይኑ ሁኔታ ስለሚለያይ፣ ከጎረቤት ሳይሆን ከሐኪሙ ይጠየቅ።

የፊቅህ ዑለማኦች ይህን ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ አንስተውታል። ዐይኑን የታመመና ታማኝ ሐኪም «ተንጋለህ ካልሰገድክ አትድንም» ያለው ሰው ምን ያድርግ የሚለው በመጻሕፍታቸው ውስጥ አለ። ልዩነት ቢኖርም፣ በሐነፊያና በሐንበሊያ እንዲሁም በሻፊዒያ ዘንድ በተመረጠው አቋም ተንጋሎ መስገድ ይፈቀድለታል። ተንጋሎ መስገድ ከተፈቀደ፣ ለጥቂት ቀናት ተቀምጦ ሩኩዕና ሱጁድን በምልክት መስገድ ይበልጥ የቀለለ ነው። ለዉዱእም ውሃ እንዳይነካ የታዘዘውን ክፍል በተመለከተ ማበስም ሆነ ተየሙም በሸሪዓ ቦታ አላቸው፤ ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማኦችን ጠይቁ። ሶላቱን ፈርቶ ሕክምናውን መተውም፣ ሕክምናውን ምክንያት አድርጎ ሶላቱን መተውም አያስፈልግም።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ጠብታ ነው። በረመዷን ቀን ላይ የግላኮማ ጠብታውን የሚያቋርጥ ሰው ለአንድ ወር ነርቩን ያለ ጥበቃ ይተዋል። በጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ባስተላለፈው ውሳኔ፣ ወደ ጉሮሮ የደረሰውን ከመዋጥ እስከተቆጠቡ ድረስ የዐይን ጠብታ ጾም እንደማያፈርስ ገልጿል። ጠብታውን ካደረጉ በኋላ ዐይንን ጨፍኖ፣ ከአፍንጫ ጋር የሚገናኘውን የዐይን ማዕዘን ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት ጫን ማድረግ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይከላከላል። ይህ ለጾሙም ለሕክምናውም ይበጃል፤ መድኃኒቱ ዐይን ላይ ይቆያልና። አሁንም ልባቸው ያልረጋ ሰዎች ጠብታውን በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ከረመዷን በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ከመተኛታችሁ በፊት የምትጠይቋቸው

ሐኪም ፊት ስንቀርብ ማፈር ወይም መቸኮል የለብንም። ለራሳችንም ሆነ ለወላጆቻችን እነዚህን ጥያቄዎች እንያዝ፦

1. ከሞራው ሌላ በዐይኑ ውስጥ ምን ሕመም አለ? የዐይኑ ግፊት ተለክቷል? ሬቲናው ታይቷል?
2. ያ ሕመም አስቀድሞ መታከም አለበት ወይስ ከሞራው ጋር አብሮ ይታከማል?
3. ሞራው ከወጣ በኋላ ምን ያህል እናያለን ብለን ተስፋ እናድርግ? ሰው መለየት? ማንበብ? ወይስ መንገድ ማየት ብቻ?
4. የትኛውን መድኃኒት እንቀጥል? የትኛውንስ እናቁም?
5. ለክትትል መቼ መቼ እንመለስ? ችግር ቢፈጠር በሌሊት የት እንሂድ?

ሦስተኛው ጥያቄ እጅግ ወሳኝ ነው። ግላኮማ ያለባቸው አንድ አባት «ፊደል አያነቡም፤ ያለ መሪ መስጂድ መሄድ ግን ይችላሉ» ከተባሉና እንደተባሉት ከሆነላቸው፣ ያ ቀዶ ሕክምና የተሳካ ነው። ያልተነገራቸው እንደሆነ ግን ያው ውጤት ቅሬታ ይሆናል፤ ከቅሬታውም ያቺ ወሬ ትወለዳለች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ዐይኑ ይበልጥ ከቀላ፣ መግል ካየን፣ ተሽሎ የነበረው እይታ ከቀነሰ፣ ብልጭታ ወይም መጋረጃ የመሰለ ጥላ ከታየ፣ የቀጠሮ ቀን ሳንጠብቅ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መሄድ አለብን። በእነዚህ ጊዜያት የሰዓታት መዘግየት ዐይንን ሊያሳጣ ይችላል።

ሕክምና ሰበብ ነው፤ ሽፋእ ከአላህ ዘንድ ነው። ሰበቡን ስናደርስ ግን ጠይቀን፣ ተመርምረንና ያለብንን ሕመም ሁሉ ተናግረን እናድርሰው። በቤታችሁ «ሌላ ሕመም አለብኝና አልሠራም» ብለው የተቀመጡ እናት ወይም አባት ካሉ፣ በዚህ ሳምንት እጃቸውን ይዛችሁ ለምርመራ ውሰዷቸው። ምርመራ ቀዶ ሕክምና አይደለም፤ ምንም አያሳጣቸውም።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያን፣ ለሚያስታምሙትም አጅሩን ይወፍቃቸው። አሚን።